ካልሲ ያጠለቁት እጆች

ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው አውቶቡስ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሸማኔ በሁለቱም እጃቸው የሴት ካልሲ አጥልቀዋል። ቲኬት ቆራጯ ሳቀች።

«አባባ፣ እግርዎን የት ረሱት?»

«ሳቂ፣ ጓዲት! ቫዝሊን ተቀብቼ ነው» አሉና ቲኬቱን በከንፈራቸው ተቀበሉ።

መዳፋቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ የጥለቱን ክር እየያዘ ይበጥስባቸዋል። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የሙሽራዋ ነጠላ ግን ገና አላለቀም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጃቸውን ታጥበው፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ተቀብተው እንዲሸፍኑት መክራቸዋለች።

«የልጄ እናት ብትኖር እያሸች ትቀባኝ ነበር» አሉኝ። «ካልሲውም የሷው ነው።»

ልንደርስ ስንል የቀኙን ካልሲ በጥርሳቸው ስበው አወለቁ፤ መዳፋቸውንም በሱሪያቸው ደጋግመው ጠረጉ። ለሐዘን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጬ የለበስኩትን ነጠላዬን አዩ። ማን እንደሞተብኝ አልጠየቁኝም።

«እትዬ፣ ልሞክርበት?»

ጫፉን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን በጥለቱ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት።

«አልያዘም! ለእሑድ ይደርሳል!»

ቲኬት ቆራጯ እልልታውን አቀለጠችው። እሳቸውም እየሳቁ ካልሲውን መልሰው ለማጥለቅ ሲታገሉ፣ ተቀብዬ አጠለቅሁላቸው።