በሸራ ሥር ያደጉ ብርቱካኖች

የጭነት መኪና ሸራ ፀሐይ ሲመታው የራሱ ሽታ አለው፤ ዘይት ዘይት፣ አቧራ አቧራ ይላል። ባለፈው ሳምንት መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ከቆመ መኪና ይኸው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ከሞተ ስንት ጊዜ በሆነው አባቴ እንደ አዲስ ተናደድኩ። አትሳቁ፤ ብታውቁት እናንተም ትናደዱ ነበር።

አባቴ ሾፌር ነበር። ሾፌር ደግሞ የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ ሸራ ያለብሳል። የአክስቴ የብርቱካን ዛፎች በበሽታ ደርቀው ባለቁ ጊዜ፣ ችግኙን እኔ አፈላልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። አክስቴ ባሏ የሞተባት ናት፤ ውርጌሳ ካለችው ማሳዋ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም። አባቴ በግቢያችን መደብ ሠራ፣ ዘሩን በፕላስቲክ ከረጢት ዘራ፣ አራት እንጨት ተከለና ያረጀውን የመኪናውን ሸራ ከላይም ከጎንም አለበሰው።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ተክል ብርሃን ሲያንሰው ምግቡን በቅጡ መሥራት እንደማይችል፣ ብርሃን ፍለጋ ብቻ እየተሳበ እንደሚረዝም ተምረናል። ችግኞቹም ዓይኔ እያየ ያንኑ አደረጉ። ግንዳቸው ቀጠነ፤ ቅጠላቸው ሳስቶ ወደ ቢጫ አደላ። ሁሉም ሸራው ወደተቀደደባት አንዲት ቀዳዳ አዘንብለው ቆሙ። አባቴ ግን ቁመታቸውን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር። ፀሐይ ላይ የበቀሉት የጎረቤታችን ችግኞች አጫጭር ስለሆኑ ይስቅባቸዋል።

በየቀኑ ለመንኩት። መጀመሪያ ለጠዋት ፀሐይ ብቻ ግለጥላቸው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምር፣ ይልመዱት አልኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

"የመርሳ ፀሐይ የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ለእነዚህ ሊራራ ነው?" አለኝ።

ክረምት ሲገባ ወስዶ ተከለላት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰማዩ ደመና ስለነበር አባቴ ክርክሩን የረታ መሰለው። ከዚያ ደመናው ተገፈፈ። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥለው እሳት እንደነካው ወረቀት ተጨማደዱ። እኔና አባቴ ማሳዋ ስንደርስ አክስቴ ነጠላዋን አንዱ ችግኝ ላይ ዘርግታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ወቀሳ ከአፏ አልወጣም። "ደክመህልኝ ነበር፣ ወንድሜ" ብቻ አለችው። ይህም አናደደኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ቢቆጣው ምን ነበረበት? ያን ክረምት ሰው ማሳ ላይ ሽንኩርት ስትኮተኩት ከረመች።

በዓመቱ አባቴ እንደገና አፈላ። አሁን ሸራውን ትቶ፣ ብርሃን በመሐሉ እንዲገባ የማሽላ አገዳ አራርቆ ደረበ። እኔ ወልድያ ኮሌጅ ገብቼ ነበር። ልክ ነበርሽ አላለኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአባቴ አፍ አይወጣም። ይልቅ ጠዋት ጠዋት እየደወለ ዛሬ ምን ያህል ላንሳ ይለኝ ጀመር። ዓመት ሙሉ ስጮህ ያልሰማኝ ሰው አሁን ትምህርት ላይ ሆኜ ይደውላል። ጥቂት አገዳ አንሳ እለዋለሁ፤ በማግስቱ አሳዝነውኝ መለስኩት ይለኛል።

እንደዚያም ሆኖ ችግኞቹ አጠር፣ ወፈር አሉ፤ ቅጠላቸውም ጠነከረ። ዛሬ አክስቴ የምትሸጠው ከእነሱ የለቀመችውን ብርቱካን ነው። ያኔ ግን የመትከያው ጊዜ ደርሶ፣ እሷ ጉድጓዱን ቆፍራ እየጠበቀች፣ የመጨረሻዎቹ አገዳዎች አልነሳ አሉ። አባቴ ዛሬ ነገ ሲል ሰንብቶ ደወለልኝ።

"አንቺው ነይና አንሺው፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።"

ቅዳሜ በሚኒባስ እያጉረመረምኩ መጣሁ። በቅጡ እንኳ ሰላም ሳልለው ወደ መደቡ ሄጄ አገዳውን ሁሉ አነሳሁ። የእኩለ ቀን ፀሐይ ችግኞቹ ላይ ወረደባቸው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ዞሮ ቆሟል።

"ተገለጡ?" አለኝ ሳይዞር።

"ተገለጡ፣ አባዬ።"

"አይዟችሁ በያቸው እንግዲህ።"

ከወልድያ ድረስ መጥቼ ለብርቱካን ችግኝ አይዟችሁ ልበል? በጣም ተናድጄ ነበር። ቢሆንም አጎንብሼ፣ እሱ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አይዟችሁ አልኳቸው።