ሽሮ ውስጥ የደበቅኩት ዓሣ

ዓሣ መሥራት የተማርኩት ወድጄ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው። ባሌ የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ ስለነበር ሰኞ ጠዋት ከቤት ይወጣና ሳምንቱን ሙሉ አጋሮና የቡ በሚባሉት ከተሞች ሲመላለስ ሰንብቶ ቅዳሜ ይመለሳል። እስከዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ የምንቀረው እኔና እናቱ ነበርን። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ የቀበሌውን ስብሰባ ወይም የሴቶች ማኅበሩን ተካፍዬ ቤት ስገባ ስለ እራት የማስብበት ጉልበት አይተርፈኝም። ሥጋ ቤት ሄዶ የሚሰለፍልንም ሰው የለም። ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ ግን ቦዬ ረግረጉ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሣር ሰክቶ፣ በኦሮምኛ "ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!"፣ ዓሣ! ዓሣ! እያለ በደጃችን ያልፍ ነበር።

የሚያስቆሙት አማቴ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ሊሙ በኩል ስለሆነ ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይፈጥናል። የዓሣውን የጆሮ ክዳን ገለጥ አድርገው ቅላቱን ያዩና "ይሄ የትናንት ነው" ይሉታል። ሰውዬው "አዴ፣ ወላሂ የዛሬ ነው" ብሎ ይምላል። እሳቸውም የዛሬ መሆኑን እያወቁ ነበር የሚሉት።

የመጀመሪያውን ዓሣ የሠራሁት እንደ ዶሮ ወጥ ነበር። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬውን ጨመርኩ፣ ዓሣውን ቅርፊቱን እንኳ ሳልገፍ ቆራርጬ ከተትኩና ደህና አድርጌ አማሰልኩት። ሲወጣ እሾህና ቅርፊት የተበተነበት ቀይ መረቅ ሆኖ አገኘሁት። አማቴ አንድ ጊዜ ጎረሱና ማላመጣቸውን ቆም አደረጉ። ከዚያ እሾሁን አንድ በአንድ ከአፋቸው እያወጡ የትሪው ጠርዝ ላይ ደረደሩት።

"ልጄ፣ ወጥ ነው የሠራሽልኝ ወይስ የመርፌ ቋት?" አሉኝ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ የዚያን ቀን እንጀራችንን በአዋዜ በላን። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ገዛሁ። የጭቃ ሽታው ከነቅመሙ አልለቀቀም፤ የግቢው ድመት እንኳ አሽትታው ዞር አለች።

ከዚህ ጣጣ ያወጣችኝ ጓሮ ለጓሮ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ከአርባ ምንጭ አካባቢ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ ሐይቅ ዳር ያደገች ጴንጤ ነበረች። በዚያን ጊዜ የጸሎት ቤቶቻቸው ስለተዘጉ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚጸልዩት፤ እሷም ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"ዓሣ አይማሰልም" አለችኝ ድስቴን አይታ። "ድስቱን ግራና ቀኝ ይዘሽ ታወዛውዢዋለሽ እንጂ ማማሰያ አታስገቢበትም።"

ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ መግፈፍ፣ በጨውና በሎሚ ማሸት፣ ሁለቱንም ጎኑን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ መተልተል፣ ዱቄት አልብሶ ዘይቱ ሳይግል አለማስገባት፣ ይህን ሁሉ ከእሷ ተማርኩ። ከቀበሌው ሱቅ የምናገኘው ዘይት ትንሽ ስለነበር በዝርግ መጥበሻ አንድ አንዱን ነበር የምጠብሰው። የተተለተለው ዓሣ ሲጠበስ ትናንሾቹ እሾሆች ይንኮሻኮሻሉ፤ አፍ አይወጉም። አማቴ የዚያን ሐሙስ ሁለት ዓሣ ከነጅራቱ ጨርሰው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ስለ ምግቤ እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ የእኔና የእሳቸው ቀን ሆነ። ጭንቅላቱን ለእሳቸው አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የጉንጩን ሥጋ ፈልቅቀው ያጎርሱኛል።

ታናሹ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ያለው ጦርነቱ ያለበት ሰሜን ነው። ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። አማቴ ስለ እሱ ብዙ አያወሩም። የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ባገኙ ቁጥር ግን "አደራህን፣ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ እይልኝ" ይሉታል።

በጥር የሳንባ ምች ያዛቸው። ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ ክንዳቸው እጄ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ያክል ሆኖ ነበር። የሚያክማቸው ሰው ለእኔ ለብቻዬ "እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይብሉ፤ አለበለዚያ በሽታው ተመልሶ ከመጣ አይችሉትም" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ።

"የንስሐ አባትዎ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ብለዋል እኮ" አልኳቸው።

"ፈቅደውልኛል። እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት" አሉ። "ይሄን ጾም ሳላጎድል ከፈጸምኩ ልጄን በዓይኔ እንዲያሳየኝ ተስያለሁ።"

"ዓሣስ? ዓሣ የጾም ነው የሚሉ አሉ።"

"ደም ያለው ነገር አልቀምስም ብያለሁ፤ ጨረስኩ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሽሮ ይበላሉ። አራተኛው ሳምንት ላይ ከአልጋ ወደ በር ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ባሌ ሩቅ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስበው እኔ በሌለሁበት ወድቀው ስለመገኘታቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓሣ ሻጩን መንገድ ላይ አገኘሁትና ሁለት ቆሮሶ ገዝቼ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤቴ ገባሁ።

ያሰብኩትን ነገርኳት። ዓሣውን ቀቅዬ፣ እሾሁን ለቅሜ፣ ሥጋውን በምጣድ አድርቄና ወቅጬ ከሽሮው ዱቄት ጋር ልቀላቅለው ነበር።

እሷ የእኛን ጾም የማትጾም ሴት ናት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። "ንገሪያት" አለችኝ። "ነግረሻት ካልበላች ይቅር።"

"ከነገርኳቸው አይበሉም።"

"እንግዲያው የእሷ ስለት ነው። እኔ እጄን አላስገባም።"

ሙቀጫዋን ግን አልከለከለችኝም። እኔ ስወቅጥ ልብስ ልታጥብ ወጣች።

ሽሮውን በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ አበዛሁት። የመጀመሪያው ቀን አቀረብኩላቸው። አማቴ ቀመሱ፤ ደግመው ጎረሱ።

"ዛሬ ምን ጨመርሽበት?"

"ኮረሪማ አበዛሁ" አልኳቸው።

"ይሄ ነው ሽሮ። ሁልጊዜ እንዲህ አድርጊው።"

ሙሉ እንጀራ በሉ። እውነቱን ለመናገር የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በሙያዬ ኮራሁ። ከዚያ በፊት የዓሣ ሽታ መደበቅ ያቃተኝ ሴት አሁን በዓሣ ሽታ የማይታለሉትን ሴት ምላስ አታለልኩ። ይህን ኩራት ዛሬም ሳስታውሰው ከውሸቱ በላይ ያሳፍረኛል። ለእሳቸው ብዬ ብቻ አድርጌው ቢሆን ኖሮ አያስደስተኝም ነበር።

በየቀኑ ጉልበት አገኙ። ግድግዳውን መያዝ ተዉ። ጉልበታቸው ሲመለስ እንደ ጾሙ በረከት ቆጠሩት፤ "እየሰማኝ ነው" አሉኝ አንድ ቀን፣ እግራቸውን እያሳዩኝ። ለሰንበቴ ጓደኛቸው ከዚያው ሽሮ በሳህን ላኪልኝ ሲሉኝ ተጨንቄ በጓዳ የቀረውን ባዶ ሽሮ ሠርቼ ላክሁላቸው። ሴትዮዋ በማግስቱ መጥተው "እንዲህ ያመሰገንሽው ይሄንኑ ነው?" ብለው አሾፉባቸው፤ አማቴም ግራ ገብቷቸው ፊቴን አዩኝ። እኔ ሳህኑን አነሳሁ።

ሕማማት ሲገባ ፈራሁና ተውኩት። ለፋሲካ ዶሮ ወጡን ሲጎርሱ እንባቸው ይወርድ ነበር። "አንድ ቀን ሳላጎድል" አሉ ለልጃቸው፣ ለባሌ። "አንድ ቀን።" እሱ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ጠላ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ።

ግንቦት ላይ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በክራንች አጋሮ ገባ። ከታናሹ ጋር አንድ ሻምበል ውስጥ ነበር። ባሌን ፈልጎ አግኝቶ ነገረው። ባሌ በዚያ ቅዳሜ ቤት መጥቶ ከእናቱ ጋር እራት በልቶ፣ ምንም ሳይተነፍስ ሰኞ ሄደ፤ ለእኔም አልነገረኝም። በሳምንቱ ንጋት ላይ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ ሲመጣ ነው ያወቅኩት። አማቴ በሩ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ሲያዩ ማንም አፉን ሳይከፍት ተቀመጡ።

ለቅሶው መሐል ወታደሩም መጥቶ ነበር። ልጁ መቼ እንደሞተ ሲጠይቁት ቀኑን በውል አላውቀውም አለ፤ "ደብረ ዘይት አልፎ፣ ሆሣዕና ሳይደርስ" አላቸው። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። ዓሣውን የጀመርኩት በመጻጉዕ ሳምንት፣ ከደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ቆጠርኩት፤ ማንም ቁጠሪ ሳይለኝ ቆጠርኩት።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ አማቴ ጥፋታቸውን መፈለግ ጀመሩ። "ምን አጉድዬ ነው?" ይላሉ ለብቻቸው። አንድ ቀን ሆስፒታል የሰጧቸው ሽሮፕ ወተት ነበረበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሳያውቁ ቅቤ የነካ ማንኪያ ልሰው እንደሆነ። በሌላው ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ የጠጡ መሰላቸው፤ ሰዓቱን አስታውሰሽ ንገሪኝ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆኑ። እኔም ሳምንት ሙሉ "የለም፣ እማማ፣ ምንም አላጎደሉም" አልኳቸው።

በስምንተኛው ቀን ደጅ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"እማማ፣ ጾሙን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ሽሮው ውስጥ ዓሣ ነበረበት።"

"የቱ ሽሮ?"

"ያ የወደዱት።"

ምስሩን መልቀም አላቆሙም። "ስንት ቀን?"

"ከመጻጉዕ እስከ ሆሣዕና።"

ትሪው ላይ የነበረውን ምስር ለቅመው ጨረሱ። ጠጠሩን ወደ ውጭ ጣሉ።

"ልጄን ዓሣ አልገደለውም" አሉ። "እሱን የገደለውን አውቀዋለሁ። አንቺ ግን አፌን ሰረቅሽኝ። የምበላውን የማላውቅ ሰው አደረግሽኝ።"

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትሪውን በመካከላችን አደረጉት።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ቀኖና ተቀብለው ነበር፤ ጾምና ስግደት።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቀኖናው የእኔ ነው" አልኳቸው።

"የበላሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከወዲያኛው ክፍል ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ እሰማለሁ። አንድ ቀን ገብቼ አጠገባቸው ልሰግድ ስንበረከክ ቀና ሳይሉ "ተይኝ፣ ልጄ" አሉኝ፤ ወጣሁ። ለባሌ የነገርኩት በዚያ ቅዳሜ ነው። "እኔም ብሆን አደርገው ነበር" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ያለው፤ አላጽናናኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ኖርን። አልተኳረፍንም። ሐዘናቸው ሲበርድ ማክሰኞና ሐሙስ ዓሣ አስቁመው ይገዙ ነበር፤ የጠበስኩትንም ይበሉ ነበር፤ የተጠበሰ ዓሣ ሲያዩት ዓሣ ነው። ሽሮ ግን ከእጄ አልቀመሱም። የራሳቸውን ሽሮ አስፈጭተው በቆርቆሮ ዕቃ አልጋቸው ሥር አስቀመጡ፤ በጾም ቀን በትንሿ ከሰል ምድጃ ለብቻቸው ይሠራሉ። እንግዳ ሲጠይቀኝ "የራሳቸው ይጥማቸዋል" እላለሁ።

በመጨረሻው ሕመማቸው ማንኪያ መያዝ ሲያቅታቸው የማጎርሳቸው እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ "ምንድን ነው?" ይሉኛል።

"አጃ ነው፣ እማማ። አጃ፣ ውሃና ጨው ብቻ።"

ፊቴን ትንሽ ያዩኝና አፋቸውን ይከፍታሉ። አንዳንድ ቀን ግን አይከፍቱም ነበር።