ጋሪው ላይ የተጻፈው ስም

ፌሊም ማክ አን ቲር አዲሱን ጋሪ ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ሚስቱን ሶርቻን ወደ ደጅ ጠራትና በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የጻፈውን ስሙን አሳያት። ሕጉ ባለጋሪ ሁሉ ስሙን ይጻፍ ይላል። እሱም ጻፈ፤ በአፍ መፍቻው በአይሪሽ፣ ቄሱ ባስተማሩት ፊደል።

«አያምርም?»

«ማማሩስ ያምራል። የፖሊሱ ሳጅን እስኪያየው ነው እንጂ» አለችው።

ስሙ የአናጺ ልጅ ማለት ነው። አባቱም አያቱም በአየርላንድ፣ በዶኔጎል ባሕር ዳር ጀልባና ጋሪ ሲጠርቡ የኖሩ ናቸው። ፌሊም በጎረምሳነቱ ድንች ሊለቅም ወደ ስኮትላንድ በተሻገረ ጊዜ፣ ማኪንታየር የሚባሉ ሽማግሌ አሠሪ ስሙን ሰምተው «የእኔም እኮ ያው የአናጺ ልጅ ነው፤ አፋችን ነው የተለያየው» ብለው ከማዕዳቸው አብልተውታል።

ሰው አገር ዘመድ ያፈራለት ስም በገዛ አገሩ ጣጣ ሆነበት። በአይሪሽ «አናጺ» እና «ነፃ» አንድ ዓይነት ቃል ናቸው። አገሩን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ጸሐፊ ሳይጠይቅ ፌሊምን ፍሪማን፣ ነፃ ሰው፣ ብሎ መዘገበው። ታናሽ ወንድሙ ኮናል ሲወለድ ደግሞ ሌላ ጸሐፊ መጣና ካርፔንተር፣ አናጺ፣ አለው። የአንድ እናት ልጆች በመንግሥት ወረቀት ባዳ ሆነው ቀሩ። ኮናል ግድም አልሰጠው፤ በባላባቱ ግቢ ካርፔንተር ተብሎ ተቀጥሮ እንጀራውን ይበላል። ፌሊምን ግን ያንገበግበው ነበር።

በገበያ ቀን ሳጅን ብላክዉድ ዓሣ የጫነውን የፌሊምን ጋሪ አስቆመ።

«ይህ ጋሪ ስም የለውም።»

«አፍንጫህ ሥር ነው ያለው።»

«እኔ የማላነበው ስም፣ ስም አይደለም።»

«ታዲያ አንተ ፊደል ባልቆጠርክ እኔ ልቀጣ?»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። የሳጅኑ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

ፍርድ ቤት ቀርቦ «ፍሪማን!» ተብሎ ሲጠራ ፌሊም ከመቀመጫው አልተነሣም። ሳጅኑ በጣቱ ጠቆመው።

«አንተ ፍሪማን አይደለህም?» አሉት ዳኛው።

«አይደለሁም፣ ክቡር ዳኛ። እኔ የአናጺ ልጅ ነኝ። ነፃ ሰውማ ብሆን በስሜ እከሰስ ነበር?»

«አፍህን ዝጋ! ጽሑፉን ማን ያነበዋል?»

ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ እጁን አወጣ። ዳኛው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ «የማይነበብ ጽሑፍ» ብለው መቀጮ ፈረዱበት። ፌሊም ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም አለ። ጋሪውን ወሰዱበት።

ጋሪው በሐራጅ ሲቀርብ ከአገሬው አንድም ሰው ዋጋ አልጠራም። አንድ የሩቅ ከተማ ነጋዴ በርካሽ ሊወስደው ሲል ግን ከሰው መሃል ኮናል ድምፁን ከፍ አድርጎ በዋጋው ላይ ጨመረ። ነጋዴው ተወው።

«የገዢ ስም?» አለ ጸሐፊው።

ኮናል በጋሪው ጎን ወደ ተጻፈው ስም ተመለከተ። «ኮናል ማክ አን ቲር።»

«አንተ ካርፔንተር አይደለህ እንዴ?»

«እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ።»

ጋሪውን እየጎተተ ወንድሙ ደጃፍ ሲደርስ ፌሊም ጮኸበት፦ «ገንዘብህን ለእነዚህ ሌቦች! እኔ የከለከልኳቸውን አንተ ወስደህ ትሰጣቸዋለህ?»

«ታዲያ የአባታችንን ስም ነጋዴው ፍቆ ሸቀጡን ይጫንበት?»

ፌሊም ይባስ ተናደደ።

በማግስቱ የባላባቱ ግቢ ኃላፊ በሐራጁ ላይ የሰጠውን ስም ሰምቶ ኮናልን «እኔ የቀጠርኩት ካርፔንተርን ነው፤ አንተን አላውቅህም» ብሎ ከሥራ አባረረው። አሥራ ሁለት ዓመት በሮቻቸውንና መስኮቶቻቸውን ሲሠራላቸው ያወቁት ሰው በአንድ ሌሊት የማይታወቅ ሆነ! ፌሊም ይህን ሲሰማ ጋሪውን እየነዳ ወደ ግቢው በረረ። ዘበኛው ሊያግደው ቢሞክር ገፍቶት ገባ፤ የወንድሙን የመሣሪያ ሣጥን ከነመጋዙ ከነመላጊያው አንሥቶ ጫነና ወጣ። ከግቢው በር ውጭ ቆሞ የነበረው ኮናልም ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

ቤት ሲደርሱ ፌሊም ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ለወንድሙ ቦታ ለቀቀለት። ሶርቻ ድንችና አይብ አቀረበች።

«በል ብላ» አለችው ባሏን፤ «ሳጅኑ ይሄኔ ጠግቦ ተኝቷል።»

በላ። እየበላም ግን ሳጅኑን፣ ዳኛውን፣ ያን ፍሪማን ብሎ የመዘገበውን፣ ከሞተ የቆየውን ጸሐፊ ሳይቀር ይራገም ነበር።