የቀንድ አውጣው ዶክተር

ቤተሰቡ ዶክተር ይሆናል ብሎ ሲጠብቀው እውነትም ዶክተር ሆነ፤ የቀንድ አውጣ ዶክተር። ይህን የሚለው ምቀኛ አይደለም፣ ራሱ ነው። ሰው ከሚስቅብኝ እኔው ልቅደም የሚል ዓይነት ሰው ነው። ተመርቆ የመጣ ሰሞን አክስቱ ወገባቸውን ይዘው ቤቱ ድረስ መጡና «በል እስቲ እየኝ፣ ልጄ» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ወገብ የሌለውን ፍጥረት ነው» አላቸው።

አክስቱ ተቀየሙት። «ያን ሁሉ ዘመን ተምሮ ክኒን እንኳ ማዘዝ አያውቅም» እያሉ በየዘመዱ ቤት አሙት። ወሬው ሲደርሰው «ምን ዋሹ?» አለ።

የሚሠራው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው፦ ፍጥረት አንድ ነገር ሲማር ነርቩ ውስጥ ምን ይለወጣል? የሰው አእምሮ ለዚህ ጥያቄ እጅግ ይወሳሰባል። የቀንድ አውጣ ነርቭ ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ ሴል ደግሞ ከትልቅነቱ የተነሳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርቱካን ያክላል። ከመስታወት የተሳበች፣ ጫፏ ከፀጉር የቀጠነች ቱቦ በጨው ውሃ ሞልቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሴሉን ወጋ ያደርገዋል። ሲቀናው ሴሉ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በስክሪኑ ላይ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ይላል፤ ከድምፅ ማጉያውም ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይሰማል። ሳይቀናው ሲቀር ቱቦዋ እንክት ትላለች። «የሸሚዝ ቁልፍ መትከል የሚያቅተው ሰው ሴል ልውጋ ብሎ ተነሳ» እያለ ስባሪውን ይጠርጋል።

ሙከራው እንዲህ ነበር። ከቀንድ አውጣዎቹ ገሚሱ «ተማሪዎች» ናቸው፤ ጭራቸው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀምሳሉ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ሲነኳቸውም ይደነግጣሉ፤ ነርቫቸው ሲመዘገብ ከወትሮው በርትቶ ይተኩሳል፤ ቷቷው ይበዛል። የቀሩት ለማነጻጸሪያ ናቸውና ማንም አይነካቸውም፤ ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ በተመታው መደርደሪያ፣ በየሳህናቸው ሆነው ቅጠላቸውን ይበላሉ። ተማሪዎቹ ተለውጠው፣ እነዚህ እንደነበሩ መገኘት አለባቸው። በእሱ እጅ ግን ሁሉም ተማሩ። ያልተነኩትም ከተነኩት እኩል ቷቷቷ አሉ።

«ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚመረቁ ቀንድ አውጣዎች አፍርቻለሁ» አለ።

ጨዉን ጠረጠረ፤ ለወጠው። ማጉያውን ጠረጠረ፤ ፈታትቶ ገጠመው። ቅጠል የምትሸጥለትን ሴት ሳይቀር ጠረጠረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ።

በዚህ መሀል መንጋጋ ጥርሱ ታመመና ተነቀለ። ጉንጩ አብጦ ቤት ሲውል ሥራውን ከእሱ ጋር የምትሠራው ወጣት ባልደረባው ቀጠለች። ገና መመረቋ ነው፤ ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን ግን ስልኩ ላይ ጮኸች።

«ጋሼ፣ መጣ!»

«ማን መጣ?» አለ፣ ባበጠ አፉ።

«ልዩነቱ! ተማሪዎቹ ይተኩሳሉ፣ ሌሎቹ ዝም ብለዋል። በጣም ነው የሚያምር!»

ደስ አለው። ደስታው ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ቅናት ነበረች፤ ቅናቷን በጥርስ ሕመሙ አሳበበ። እብጠቱ ሲጎድልለት ወደ ሥራ ተመለሰ፤ በተመለሰ በሳምንቱ ልዩነቱ ብን ብሎ ጠፋ። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እሷ እሱን አየችው።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና…»

«ተናገሪ።»

«እርስዎ ሲኖሩ ነው የሚማሩት።»

«እንግዲህ አስተማሪነቴ አይታማም» አለና ሳቀ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያሳድደው የኖረው ጥፋተኛ ለካ ራሱ ነዋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሱን ይመረምር ጀመር። ሳሙናው ይሸታቸው ይሆን ብሎ ያለ ሳሙና ታጠበ። ሳል አፈነ። ሹራብ ቀየረ። ጫማው ከብዶ ይሆናል ብሎ በካልሲ ይገባ ጀመር። አለቃው ኮሪደር ላይ በካልሲ አገኙትና ቆም አሉ።

«ዶክተር፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ቀንድ አውጣዎቹን ላለማስቀየም ነው።»

አለቃው ካልሲውን አንዴ አይተው አለፉ። እሱም አለመጠየቃቸውን እንደ ውለታ ቆጠረው።

ነገሩን የፈታችው ሚስቱ ናት፤ ያውም ሳታስበው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ቤት ረስቶት የሄደውን የጥርስ መድኃኒት ልታደርስለት መጣች። እሱ ላይኛው ፎቅ ስለነበር ባልደረባው ወንበር ሰጠቻት፤ መደርደሪያው አጠገብ ተቀምጣም ቀንድ አውጣዎቹ ቀንዳቸውን ዘርግተው በሳህናቸው ጠርዝ ሲንሸራሸሩ እያየች ቆየች። ባልየው በካልሲው፣ ኮቴ ሳያሰማ መጣ፤ ገባ፤ የብረት በሩን ለስፕሪንጉ ለቀቀው። ጓ!

መደርደሪያው ከነሳህኖቹ ተርገፈገፈ። የሁሉም ቀንድ በአንዴ ገባ።

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ ደረቷን ይዛ። «እዚህም ነው? እያቸው እስቲ፣ ሁሉም ተሸሸጉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ቀንድ ቢኖረኝ ያኔ ገና ነበር የምከተው።»

ዞሮ አየ። ወትሮ ሲገባ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ ኮቱን ይሰቅል ነበርና አንድም ቀን አላያቸውም። በሩን ከፍቶ እንደገና ለቀቀው። ጓ! ብቅ ማለት ጀምረው የነበሩት ጥቂት ቀንዶች ተመልሰው ገቡ።

«ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ? ከተጋባን ጀምሮ ነው የምነግርህ፤ በር በእጅህ ዝጋ፣ በእጅህ ዝጋ! ጆሮ ዳባ ልበስ።»

«ጆሮ ዳባ ልበስ አይደለም» አለ፣ ዓይኑን ከሳህኖቹ ሳይነቅል። «ይህ የታወቀ ነገር ነው። ነርቭ፣ የማይጎዳው ነገር ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ መመለስ ያቆማል። ይለምደዋል። አንቺም ስለደጋገምሽው…»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እኔም ኤሌክትሪክ ልጨምርበት?»

ባልደረባው አፏን በእጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አንቺስ» አላት ወደ እሷ ዞሮ፣ «ሁልጊዜ አብረሽኝ እየዋልሽ እንዴት አልነገርሽኝም?»

«እኔም ለምጄው ነዋ፣ ጋሼ» አለች እያፈረች። «እውነቴን ነው፤ እኔ በእጄ ነው የምዘጋው፣ የእርስዎን ግን ከቆየሁ በኋላ መስማቱን ተውኩት።»

ለካ እዚያ ክፍል ውስጥ በሩን ያልለመዱት ቀንድ አውጣዎቹ ብቻ ናቸው፤ ለእነሱ የመደርደሪያው መናጥ እንደ ኤሌክትሪኩ ንዝረት ነበር። እሱ ደግሞ ስለ መማር ሊያጠና ተቀምጦ፣ የገዛ እጁ የሚያስተምረውን አላየም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ትዝ አለችውና፣ «አሁንስ ተረቱን ለእኔ ብለው ነው የተረቱት» አለ።

በማግሥቱ የበሩን ጠርዝ በላስቲክ ለበጡ፤ መደርደሪያውንም ወደ ሩቁ ግድግዳ አዛወሩ። ነገር ግን በግምት ማለፍ አይቻልምና፣ አንድ ምድብ ቀንድ አውጣ ሆን ተብሎ በቀድሞው ቦታ ተቀመጠ፤ ባልደረባውም ላስቲኩን እያነሳች በሩን ታላትምባቸው ነበር። ዝምተኛዋ ልጅ እንዴት ያለ ክንድ እንዳላት ያኔ ታወቀ። የእነዚያ ነርቭ ሲመዘገብ እንደ ተማሪዎቹ ተኮሰ። በጸጥታ የቆዩት ግን እንደነበሩ ተገኙ። የልዩነቱ መጠን በሕመሙ ጊዜ ከተገኘው ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ሌላ ሰው ደግሞ ቢሠራው የሚገኝ፣ እውነተኛ ነበር።

በተቋሙ ስብሰባ ላይ ውጤቱን ሲያቀርብ ስለ በሩ መናገር ግዴታ አልነበረበትም። እሱ ግን ከበሩ ጀመረ፤ በካልሲ መሄዱንም አልደበቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አለቃው እንባቸውን ጠረጉ። ጽሑፉ ሲወጣ የባልደረባውን ስም ከፊት አደረገ። እምቢ ስትለው፣ «እኔ የሙከራው መሣሪያ ነበርኩ፤ መሣሪያ ደግሞ ደራሲ አይሆንም» አላት።

አሁን እሷ የራሷን ክፍል ተሰጥታ ሄዳለች። እሱም ትላንት ከሰዓት በኋላ ብቻውን ሳለ አንድ ሴል ተያዘለት፤ እንዲህ ያለ ሴል በብዙ ቀን አንዴ ነው የሚገኘው። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ በሁለት ጣት አወጣና በሹክሹክታ «አቤት» አለ።

«ምን ያንሾካሹክሃል?» አለች ሚስቱ።

«አንዷን ይዣለሁ፤ እንዳታመልጠኝ።»

«ማንን?»

«ሴል ነው፣ ሴል…»

«እሺ፤ ስትለቅህ ዳቦ ይዘህ ና።»

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አንድ እግሩ ደንዝዟል፤ አልተነቃነቀም።