ሣሩ ይታጨድ ያለችው ሴት

ትሕትናን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስሟ አይመጥናትም ይላል። አባቷ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩና ስሙን ያወጡላት ጸልየውበት ነው። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያላመነችበትን ነገር እሺ ብላ አታውቅም። ሚኒባስ ላይ ትርፍ ሰው ሲጫን ከረዳቱ ጋር ትጣላለች፤ የመዘምራን ልምምድ ላይ ሰው ካረፈደ ፊቷ ይለዋወጣል። ይህ ሁሉ ቶሎ የሚበርድ ቁጣ ነበር። የማይበርደው የመጣው የላሾ ተራራ በተቃጠለ ዓመት ነው።

በደን ሳይንስ ተመርቃ፣ ከሶዶ ራቅ ብሎ በሚገኘው በዚህ ተራራ ላይ በአንድ የደን ልማት ፕሮጀክት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ተራራው በልጅነቷ ራቁቱን የቀረ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ወርዶ የገበሬውን ቦዬና ስኳር ድንች ይጠርጋል። መጨረሻ ላይ ገበሬዎቹ ማኅበር መሥርተው ከብት እንዳይገባ ከለከሉ። ችግኝ እንኳ ብዙ አልተከሉም፤ አፈር ውስጥ ሳይሞት የቆየው የወይራና የዋንዛ ጉቶ ራሱ አቆጠቆጠ፣ እነሱም ደካማውን ቀንበጥ እየቆረጡ ጠንካራውን አሳደጉ። ጥላው ተመለሰ። ደርቆ የነበረው ምንጭም መፍሰስ ጀመረ።

ከብት መግባቱ ሲቀር ግን ሣሩ የሰው ደረት ላይ ደረሰ። ትሕትና የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በተራራ እሳት ላይ ስለነበር፣ ያ ሣር በበጋ ሲደርቅ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ስለዚህ ሣሩ ታጭዶ ለከብት ይወሰድ፣ በኅዳር ገና እርጥበቱ ሳይለቀውም በጠባብ መስመር እየተጠበቀ ይቃጠል አለች፤ በጋ ላይ እሳት ቢነሳ መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ባዳቾም አባቶቻቸው እንደዚያ ያደርጉ እንደነበር ተናገሩ።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ጌታነህ አልሰማም አለ። በእሱ አነጋገር፣ ደን አለማን ብለው እንግዳ ሲጠሩ የተቃጠለ መስመር ማሳየት ራስን ማዋረድ ነው። ማጨዱንም ከለከለ፤ ዛሬ ማጭድ የያዘ ነገ መጥረቢያ ይይዛል አለ። በዓመቱ ደግማ ጠየቀች። በሦስተኛው ዓመት ስትጠይቀው ሳቀባት።

በየካቲት አንድ ቀን ቀትር ላይ ተራራው ጨሰ። ነፋሱ ከባድ ነበር። የቀበሌው ሰው ሁሉ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየዘነጠፈ ወጣ፤ የጋሽ ባዳቾ ልጅ መልካሙም ከፊት ነበር። መልካሙ በዚያው ዓመት በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን ያገባ ሰው ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ከሰው ይፈጥናልና እሱና ጓደኞቹ ሣር በሞላው ሸለቆ አፍ ላይ ተከበቡ። ሌሎቹ በአለቱ በኩል አመለጡ፣ እሱ ሣሩ ውስጥ ቀረ። ያ ሸለቆ ትሕትና ከሁሉ አስቀድሞ ይታጨድ ያለችው ቦታ ነበር።

ልቅሶው ሳያልቅ ፖሊስ ፈጠነችን ወሰዳት። ፈጠነች ባሏ የሞተባት፣ ከተራራው ግርጌ በራሷ ማሳ ጥግ ከባሕር ዛፍ ከሰል እያከሰለች ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። እሳቱን ያስነሳችው እሷ ናት ብሎ የጠቆመው አቶ ጌታነህ ነበር። ሐዘንተኛውም አመነ፤ ከሰል አክሳይን መጥላት ቀላል ነው።

ትሕትና ግን ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ብቻዋን ወጣች። በፈጠነች የከሰል ጉድጓድ ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች አየች። ሁሉም የጠቆሩት በዳገቱ በኩል ነው፤ በቁልቁለቱ በኩል፣ ከድንጋዮቹ ጀርባ፣ ያልተነካ ሣር ቆሟል። እሳቱ እዚህ የደረሰው ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው። ጉድጓዱ ላይ የተከመረው አፈርም አልተደረመሰም፤ ከውስጡ እሳት አልወጣም። ምልክቱን እየተከተለች ወደ ላይ ወጣች፤ ድንጋዩም ግንዱም የመሯት ፕሮጀክቱ ከሸለቆው በታች ለእንግዶች ወዳሠራው ማረፊያ ዳስ ነበር። ከዳሱ በስተጀርባ የበግ አጥንትና የምድጃ አመድ አገኘች። እሳቱ በተነሳበት ቀን አቶ ጌታነህ እንግዶች ይዞ ወጥቶ እንደነበር እሷም ታውቃለች። እዚያው ቆማ ጮኸች፣ ሰው ባይሰማትም።

ከተራራው ወርዳ ቀጥታ አቶ ጌታነህ ቢሮ ገባች።

«እሳቱ የተነሳው ከእርስዎ ምድጃ ነው» አለችው።

«ትሕትና፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ሄደሽ ዕረፊ።»

«ፈጠነች ታስራ እኔ ልረፍ?»

«እሷ ትፈታለች፣ ማስረጃ ያጥርባቸዋል። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ግን የሚጎዳው ስንት ሰው ነው? አንቺም እንጀራሽ ነው።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ይህ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

ወደ ፖሊስ ሄዳ መርማሪው ወደ ተራራው ካልወጣ አልመለስም ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ተነጫንጮ ወጣ፣ ድንጋዮቹን አየ፣ ዳሱንም አየ። ፈጠነች ተፈታች። ስለ ምድጃው ግን የጠየቀ የለም። አቶ ጌታነህ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ፤ የተሻለ ቦታ ነው አሉ። የትሕትና ውል ሲያልቅ አልታደሰም።

ይህን ሁሉ ልትነግራቸው ጋሽ ባዳቾ ቤት ሄደች። ሽማግሌው ያጽናኑኛል ብላ ነበር።

«ልጄ» አሏት በመጨረሻ፣ «ሣሩ እንደሚገድል ካወቅሽ፣ ለምን ፈቃድ ጠየቅሽ?»

ወደ ሶዶ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ተናደደች፤ በሽማግሌው፣ በጌታነህ፣ ሳቀብኝ ብላ ዝም ባለችበት በዚያ ቀን።

ክረምቱ ሲገባ ከጠቆሩት ጉቶዎች ሥር ቀንበጥ ወጣ፤ ወይራው ሥሩ አልሞተም ነበር። ሣሩም አብሮት በቀለ። ትሕትና ደመወዝ ባይኖራትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከማኅበሩ ጋር ቀንበጥ ትመርጣለች። በኅዳር ገበሬዎቹ ማጭድ ይዘው ወጡ። አዲሱ አስተባባሪ ደውሎ ከለከለ። ስልኩን የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ መጥተህ አስቁመን ብላ ዘጋችው። አልመጣም።

ሸለቆውን መጀመሪያ አጨዱ። ከዚያ ጋሽ ባዳቾ ክብሪት አወጡ፣ መስመሩን በገዛ እጃቸው ለኮሱ፤ የመልካሙ ሚስት ውሃ የተነከረ ቅርንጫፍ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ እየተንፏቀቀ፣ እስከተፈቀደለት ድረስ ሄዶ ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ትሕትና ቅርንጫፏን መሬት ላይ ወረወረችና ፊቷን አዙራ አለቀሰች፤ ከንዴት ነው። አንድም ሰው አይዞሽ አላላትም፣ እሷም አልጠበቀችም። ቅርንጫፏን አንስታ ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች።