ኳሷ አየር ላይ እንዳለች

ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርቴን የተቀበለችው ሴት ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች። የፎቶው ሰውዬ እኔ አለመሆኔን አላከራከርኳትም። አገር ቤት በፖለቲካ ታስሬ ስለነበር እጅ ለካቴና እንዴት እንደሚሰጥ አውቅበታለሁ። ካቴናውን ያጠለቀልኝ ፖሊስ "ጠበቀብህ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ግራ ገባኝ። እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም።

የወሰዱኝ ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ወዳለ የካውንቲ እስር ቤት ነው። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ተደራራቢ ብረት፣ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ውጭ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልት ያቀልጣል፣ እኛ ውስጥ በኤሲ ብርድ እንንቀጠቀጣለን። ከፍርግርጉ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሐበሻ አንድ ብቻ ነው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ እንግሊዝኛ የሚባል የማያውቁ የወሎ ሰው። ጋሼ እላቸው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ፊልም ይታያል። ያን ሰሞን ደግሞ የሚያሳዩት የቤዝቦል ፊልም ብቻ ነበር። "ይሄ ዱላ ይዞ የቆመው ማንን ሊመታ ነው?" አሉኝ ጋሼ በመጀመሪያው ቀን። እኔም የማላውቀውን ነገር በደንብ አስረዳኋቸው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ እስረኞች ጨዋታውን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ግን በምን ቋንቋ ይንገሯቸው? ችግሩ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የእስረኛ ቆጠራ መድረሱ ነው። ጠባቂው ቴሌቪዥኑን ድርግም ያደርገዋል፤ መልሶ ሲከፍተው ዜና ነው። አንዱንም ፊልም እስከ መጨረሻው አላየንም።

መጨረሻውን የምጨርስላቸው እኔ ነበርኩ። አገር ቤት በታሰርኩበት ክፍል ከእራት በኋላ ፊልም የሚያወራ ሰው ነበረ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ተራኪ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ማንም አያቋርጠውም። ያንን ሕግ ቴክሳስ ድረስ ይዤው መጣሁ። የታችኛው አልጋ ጥግ የኔ ሆነ። ጋሼ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ይሰሙኛል። በኔ ፊልም የሚሸነፍ የለም። የተሰበረ ክንድ ይድናል፣ የተባረረ ይመለሳል፣ ጋሼም "ጎሽ!" ይላሉ። በዚያ ቤት ያለኝ ነገር ይሄ "ጎሽ" ብቻ ነበር።

ከዚያ ሌላ ሐበሻ መጣ። እዚያው ዳላስ አጠገብ ካሮልተን እየኖረ ለዓመታት ታክሲ የነዳ፣ ጥገኝነቱ ተከልክሎ የተያዘ። እሱም የፖለቲካ ሰው ነው፤ ያውም ከኔ ድርጅት ጋር ሲታኮስ ከኖረው ድርጅት። አገር ቤት አዲስ ገቢ እስረኛ ለመግቢያ አንድ ፊልም ያወራል። ልማዱን ያነሳሁት እኔው ነኝ፣ ምን አቀበጠኝ!

"በል እንግዳ፣ ፊልም አምጣ" አልኩት።

"ኦኬ። ባለፈው እሑድ የቱን አያችሁ?"

ጋሼ ነገሩት። መጨረሻውንም እኔ እንደነገርኳቸው አድርገው ነገሩት። ሰውዬው ሳቀ።

"ኖ ኖ፣ ጋሼ። ማለቴ፣ እኔ ከዋይፌ ጋር ዋች አድርጌዋለሁ። ሶፋችን ላይ ተኝተን። ሶ፣ መጨረሻ ላይ ይሸነፋሉ።"

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። ደሜ ፈላ።

ሰውዬው አራት ሳሙና ወለሉ ላይ በአራት ማዕዘን አስቀምጦ ጨዋታውን ያስረዳ ጀመር። ማን እንደሚሮጥ፣ ለምን እንደሚሮጥ፣ የት ሲደርስ እንደሚቆጠርለት። እኔም ገባኝ። መግባቱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ "እዚህ አረፍ በል፣ ልጄ" ብለው የኔን ጥግ ለእሱ ሰጡት።

ቅናት አንገበገበኝ። በእንግሊዝኛው ቀናሁ፣ በሳቁ ቀናሁ። ሚስቱ እሑድ በመጣ ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ በመስታወት ተለያይተው በስልክ ያወራሉ። እኔን የሚጠይቀኝ የለም። አይቼው በማላውቀው ሶፋው እንኳ ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ የሚቀጥለውን ፊልም ሲያስተዋውቅ "ይሄን ዋይፌ ሁለቴ አስደግማኛለች። መጨረሻው ላይ ታለቅሳለች" አለ። እሑድ ደረሰ። ጠዋት ሚስቱን አግኝቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምነው ልጄ?" አሉት ጋሼ።

"ማክሰኞ ይመልሱኛል።"

ወዴት እንደሚመለስ፣ እዚያም ማን እንደሚጠብቀው ሦስታችንም እናውቃለን። ፊልሙ ጀመረ።

ያረጀ ተጫዋች ነው፤ የመጨረሻ ዕድሉ ነው። ዱላውን ሰነዘረ፣ መታት። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች፣ ሜዳው ሁሉ አንጋጠጠ። ድርግም።

አልጋችን አጠገብ ቆመን ተቆጠርን። ጠባቂው ሲሄድ ጋሼ ብርድ ልብሳቸው ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

"እስቲ በል ልጄ፣ ኳሷ ምን ሆነች?" አሉት ታክሲ ነጂውን።

እሱ ግን ከጥጉ ተነሳ።

"ይሄን አላየሁትም፣ ጋሼ። ሶ፣ እሱ ይንገረን።"

ከጋሼ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱንም አቀፈ። ማየቱን አውቃለሁ። ማወቄንም ያውቃል።

ጥጌ ላይ ተቀመጥኩና ግድግዳውን ተደገፍኩ። ኳሷ አጥሩን አልፋ ሄደች አልኩ። ሽማግሌው ተጫዋች አልሮጠም፤ አራቱንም ሳሙና እየረገጠ ቀስ ብሎ ዞረ። ሚስቱ ከተመልካቹ መሀል ወርዳ፣ በአጥሩ በር ገብታ መጨረሻው ሳሙና ጋ ቆማ ጠበቀችው። መሀላቸው ምንም የለም። አቀፈችው። ታክሲ ነጂው አንገቱን ደፋ፤ ግን ሕጉን አክብሮ አላቋረጠኝም።

"ጎሽ!" አሉ ጋሼ።

"ጥሩ አለቀ" አለ እሱ።

ማክሰኞ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ እዚያው ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል ነው የምኖረው። ተፈትቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ያንን ፊልም ከቪዲዮ ቤት ተከራይቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ኳሷን መሬት ሳትነካ አጥሩ ሥር ይይዟታል። ሽማግሌው ከጨዋታ ይወጣል፣ ቡድኑ ይሸነፋል፣ ሚስቱም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች። የታክሲ ነጂው ሚስት ለምን ታለቅስ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እኔ ብሆን አያስችለኝም ነበር። "ኖ ኖ" ብዬ አርም ነበር። አሁን ሚስትም አለኝ፣ ሶፋም አለኝ። በዚያ ሰውዬ ግን ዛሬም እቀናለሁ። መጨረሻውን እያወቀ፣ ያውም በዚያ ቀን፣ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እኔን ማዳመጡ ያስቀናኛል።