የተዋስነው ቡትቶ

ሰደርያው አሁንም ቤቴ አለ። ሰማያዊ ነው፤ ጀርባው ላይ «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሚስቴ የሰሃን መወልወያ ላድርገው ብትለኝ እምቢ አልኳት። ይቆሽሻል አልኳት። ሰሃኑን ማለቴ ነው።

እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ገረሴ ተወልጄ አርባ ምንጭ ድንጋይ ስጠርብ አረጀሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዛሬም አንድ መስመር ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ይህንንም የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ስሳሳት እንዳጠፋው። የምናገረውን ግን አላጠፋውም።

ሲቀላ ሰፈር የምንጸልይበት ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ የድሃ ልጆች የሚረዱበት ፕሮጀክት አለ። ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው አንድ ልጅ ይይዛል፤ ወጪውን ይችላል። የተያዘ ልጅ ዩኒፎርም አለው፣ ደብተር አለው፣ ቢታመም ይታከማል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘምራል፣ ይበላል። መልካም ነገር ነው። የሽንት ቤታቸውን ግድግዳ በነጻ ገነባሁላቸው። አስተባባሪው፣ እሱም የገረሴ ልጅ ነው፣ ከረባት የሚያስር ወጣት፣ «አባባ፣ ሰፈሩን ያውቁታል፣ ጋሞኛም ይችላሉ፤ የሚገቡትን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ቢያዩልን» አለኝ። ሰደርያውን አለበሰኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ ለሰው እጠቅማለሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ በሚወስደው ዳገት ሥር፣ ጎርፉ በቦረቦረው ዳር፣ ከአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ባሏ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ ታሞ ሞተ። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፤ ክሩን የዶርዜ ሸማኔዎች ይወስዱላታል። ሰባት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጭቃው ረግፏል፤ ወለሉ ግን ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። የልጅቷ ቀሚስ አራት ቦታ ተጥፏል። ስፌቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፤ በራሷ ክር፣ እንዲህ በደቃቁ የተሰፋ።

ሴትዮዋ ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። «ለመስቀል አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ይመጣል። ልጅቷን ይዤ ልሂድ ብሏል። እኔ ማስተማር አልቻልኩም፣ አባባ። እናንተ ከያዛችኋት ትቀራለች። ካልያዛችኋት ትሄዳለች።»

ይዞ መሄድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኛ አገር ስንቷ ሄደች። የሰው ልጅ ታዝላለች፣ የሰው ሰሃን ታጥባለች፣ ትምህርት ቤት ትገባለች እየተባለ ትረዝማለች። «አይዞሽ» አልኳት። «ረቡዕ ፎቶ አንሺ ይዤ እመጣለሁ። ልጅሽን አዘጋጂያት።»

አዘጋጂያት ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ረቡዕ ስንሄድ ልጅቷ ታጥባ፣ ፀጉሯ ቅቤ ተቀብቶ ተሠርቶ፣ እግሯ ላይ ቀይ ጫማ አድርጋ ቆማለች። ጫማው የጎረቤት ነው፤ ሰፋ ስላላት ጫፉ ላይ ጥጥ ተወትፎበታል። ከጀርባዋ የረገፈው ግድግዳ እንዳይታይ እናቷ ነጭ ጋቢ ሰቅላለች። በኛ አገር ሰው እንግዳ ፊት ያለውን መልካሙን ለብሶ ነው የሚቀርበው። ከሌለው ይዋሳል። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንግዳውን ማክበር ነው። «ሳቂ» አላት ፎቶ አንሺው። ሳቀች። ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። እኔም እናቷን «ጎበዝ» ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ አስተባባሪው ጠራኝ። ስልኩ ላይ ፎቶውን አሳየኝ።

«አባባ፣ ይሄ አይሄድም።»

«ለምን? ዓይኗ ተጨፍኗል?»

«አይ፣ በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ እሱ ነው። ይቺን አይቶ ማን ያዝናል? የርዕሰ መምህር ልጅ እኮ ነው የምትመስለው።»

«እና የማን ልጅ ትምሰል?»

«እንደ ኑሯቸው ትነሳ። ያለ ጫማ። ጋቢው ይውረድ። ፀጉሯም ትንሽ...» በጣቱ አየሩን በታተነው። «ያረጀ ልብስ ትልበስ።»

«ኑሯቸው እኮ ይኸው ነው። ድሆች ናቸው፤ ቆሻሾች ግን አይደሉም።»

«አባባ፣ ክርክር ውስጥ አንግባ። ዝርዝሩ ዓርብ ይላካል። እሷ ካልሆነች ሌላ ልጅ እንተካለን።»

ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። እሱም በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ነው ያደገው። እኔን የሚያስጠላኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ሰድቤው በወጣሁ። ወጣሁ፤ ግን ወደ ሴትዮዋ ቤት ነው የሄድኩት።

እየፈተለች አገኘኋት። ነገርኳት። እንዝርቱ ቆመ።

«ያለ ጫማ?»

«ያለ ጫማ።»

«ጫማውንስ መልሻለሁ። ልብሷ ምን ሆነ?»

«ያረጀ ይሁን አሉ። የተቀደደ።»

«የተቀደደ የላትም።» ድምጿ ከፍ አለ። «ያላት ሁለት ነው። ሁለቱንም ጥፌ፣ አጥቤ ነው የማለብሳት። የተቀደደ ከየት ላምጣ፣ አባባ? ቁጭ ብዬ ልቅደድ?»

ልክ ነሽ፣ ተይው ብላት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። መስቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጅቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድንጋይ ላይ በከሰል ትጽፋለች። «እንዋስ» አልኩ። ይህን ያለው የኔ አፍ ነው።

ጫማ ያዋሰችው ጎረቤት ጋ ሄድን። ሳቋን መያዝ አቃታት። «ትናንት ጫማ፣ ዛሬ ደግሞ ቡትቶ! ምንድን ነው፣ ሰርግ ነው ወይስ ልቅሶ?» እያለች ከጓሮ የዶሮ ቤቷን ቀዳዳ የወተፈችበትን ጨርቅ መዝዛ ሰጠችን። አንድ ጊዜ የልጅ ቀሚስ ነበር። ኩስ ደርቆበታል።

«አባባ፣ ይሸታል» አለችኝ ልጅቷ፣ አንገቷ ሲገባ።

«ትንሽ ታገሺ።»

ፎቶ አንሺው መጣ። ልጅቷ እንደለመደችው ሳቀች። «አትሳቂ» አላት። «ትናንት ሳቂ ብለኸኝ!» አለችው። ጎንበስ ብሎ አፈር ቆንጥሮ ጉንጯ ላይ ቀባ ሲያደርጋት ትፈትል የነበረችው እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ክሯ ተበጠሰ። ያን ያህል ጊዜ ስትፈትል አይቻት ክር ሲበጠስባት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ልጅቷ መሳቋን ተወች። ያኔ አነሳት። በአንድ ጊዜ ነው ያነሳት፤ መድገምም አላስፈለገውም።

ተያዘች። ዘመድየው ለመስቀል መጥቶ ቁርጡን በልቶ ብቻውን ተመለሰ። ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ስትገባ አየኋት። ይኸው፣ ምን ታካብዳለህ፣ ቡትቶው ሥራውን ሠራ፣ አልኩ ለራሴ። ሰደርያውን አላወለቅኩም።

በዓመቱ ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የገንዘቡ ባለቤቶች ናቸው። በጠዋት የአዳራሹን መድረክ ላስተካክል መዶሻ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ባነር ሰቅለዋል። ቀና ብዬ ሳይ እሷ ናት። ፊቷ ብቻ የበር ስፋት ያህላል። ቡትቶው፣ ኩሱ፣ ጉንጯ ላይ ያለው አፈር፣ ሁሉም ጎልቶ ወጥቷል። ልጆቹ ከሥሩ ተሰብስበው «ቡትቶ! ቡትቶ!» ይላሉ። እሷ ከወዲያ፣ አጥር ሥር፣ ንጹህ ዩኒፎርም ለብሳ የሹራቧን አንገት እስከ ዓይኗ ጎትታለች።

ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ፊደል በፊደል ሄድኩበት። ከ... ጎ... ዳ... ና። ከጎዳና። ያነ... ሳ... ናት። «ከጎዳና ያነሳናት ሕፃን።»

አንድም ቀን ውጭ ያላደረች ልጅ ናት። ጎዳና የምታውቀው ትምህርት ቤት ስትሄድ ተሻግራው ነው። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ ግን ለአቀባበሉ ወላጆች ሁሉ ተጠርተዋል፣ የሚያነብላት አይጠፋም። ልጅሽን ጎዳና ጥለሻት ነበር ወይ ሊሏት ነው።

አስተባባሪውን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኩት። «አውርደው።»

«አባባ፣ እንግዶቹ እኮ መንገድ ላይ ናቸው።»

«ውሸት ነው የተጻፈው።»

«ጽሑፉን እኔ አልጻፍኩትም። ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ? ከእግዚአብሔር?»

«ከዋናው ቢሮ! ኧረ በጌታ አባባ፣ ዛሬ አይሆንም።» ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እሷን የያዙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው የሚመጡት። ባነሩ ወርዶ ለምን ካሉ ፋይሏ ይከፈታል። ጎዳና ያልነበረች ከሆነ እንዴት ገባች ይባላል። ልጅቷ ብትወጣ ደስ ይልዎታል?»

በዚህ ያዘኝ፤ እውነቱን ተናግሬ ላስወጣት ነው፣ ወይም ዝም ብዬ ሕዝብ ፊት ላሰድባት ነው። አሁንም ያው ዘመድ አለ፣ አሁንም መስቀል ይመጣል።

እኔ በገነባሁት ሽንት ቤት ጀርባ ቧንቧው ስለሚያፈስ ለምለም ሳር በቅሏል። ሄጄ ሁለት እጄን ሙሉ ነጨሁ። በኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ አታልፈውም። ጦር ይዘህ ብትመጣ እንኳ ትቆማለህ። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ከረባት ቢያስርም አባቱ ያሳደገው በዚህ ነው።

መጥቼ በሩ መሐል፣ ከባነሩ ሥር ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ጮኸ። ሳሩን በሁለት እጄ ወደ ፊት ዘረጋሁ። ወላጆች መግባት ጀምረው ነበር፤ ሁሉም ባለበት ቆመ። «ቡትቶ» ይሉ የነበሩት ልጆች እንኳ ጸጥ አሉ።

«አባባ፣ ይነሱ» አለኝ አስተባባሪው፣ ዓይኑ የመኪናው መንገድ ላይ ሆኖ።

«አውርደው። ልጅቷም ከቦታዋ አትነካም በል።»

«ይሄ የድሮ ነገር ነው። እኛ አማኞች ነን።»

«እንግዲያው እለፈኝ።»

አንድ እግሩን አነሳ። እዚያው ቦታ መልሶ አስቀመጠው።

በዚህ መሐል እንግዶቹ ገቡ። አንድ ሽበታም ሽማግሌ ሳር ይዞ በሩ ላይ ተንበርክኮ ሲያዩ፣ ለነሱ የተደረገ አቀባበል መሰላቸው። አጨበጨቡ! አንዷ ሴትዮ እንባ አውጥታ ከጎኔ ተንበረከከች። አንዱ ካሜራውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋው። ብነሳ የልጅቷ ነገር አበቃ፤ ባልነሳ የካሜራ መጫወቻ ነኝ። አልተነሳሁም።

አስተባባሪው ለነሱ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በጋሞኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እሺ። አትነካም። ይወርዳል» አለኝ። ሳሩንም በእጁ ነካ። ሳር ነክቶ ቃሉን የሚያጥፍ የኛ ሰው የለም። ልጆች መሰላል አምጥተው ባነሩን ፈቱት። እንግዶቹ ለዚያም አጨበጨቡ።

እናትየው ስትደርስ ባነሩ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ጎረቤቶቿ እስኪነግሯት ድረስ ምንም አላወቀችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ የበሩ ዘበኛ ወረቀት ገልብጦ፣ «አባባ፣ ዝርዝሩ ላይ የሉም» አለኝ። ሽንት ቤታቸውን ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ልጅቷን አልነኳትም። ይህን መናገር አለብኝ። አራተኛ ክፍል ገብታለች። ባለፈው እናቷ ጋ ብቅ ስል ለልጆቹ ሁሉ የታደለ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ያ ጋቢ የነበረበት ቦታ። አየሁት። እኔ ነኝ። ተንበርክኬ፣ ሳር ይዤ፣ አፌን ከፍቼ።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

ጣቴን ፊደሉ ሥር አደረግኩ። «አ... ረ... ጋ...»

ልጅቷ አላስጨረሰችኝም። እንደቆመች በአንድ ትንፋሽ አነበበችው። «አረጋዊው ለተደረገላቸው ድጋፍ በባህላቸው መሠረት ምስጋና ሲያቀርቡ።»

እናቷ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «አባባ፣ ለእርስዎስ ቡትቶውን ከማን ተዋሱልዎት?»

«ኮቱ የራሴ ነው» አልኳት።

ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ። ተመልሼ ገባሁና ልጅቷን «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። አንድም ፊደል አልሳተችም።